ከብልቃጡ የማይጎድለው ኢንሱሊን

ታናሽ እህቴ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም አለባት። ይህን የምጽፈው «ለሌሎች ልጆች ይጠቅማል፣ ጻፊው» ስላለችኝ ነው።

ሕመሟ ሳይታወቅ በፊት ከስታ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ነበር። በመርፌ የሚወሰደውን ኢንሱሊን ስትጀምር የጠፋው ኪሎ ተመለሰ፤ መድኃኒቱ ሲሠራ እንዲያ ነው። ድሬ ላይ ግን ሰው አይቶ ዝም አይልም። «አቦ፣ ወፈርሽ!» ይላታል የሰፈሩ ሁሉ። በረመዳን ጎረቤት ጣፋጩን ሙሸበክ ሲልክ ሳህኑ ከፊቷ ይነሳል። እቤትም የምትቆርሰው እንጀራ በዓይን ይለካል። ከጠዋት እስከ ማታ «ይህን ተዪ፣ ያንን ቀንሺ» የምትባል ልጅ እንዴት በሰላም ትብላ?

እኔን ያነቃኝ ብልቃጡ ነው። መብራት ሲጠፋ ሙቀቱ እንዳያበላሽባት ኢንሱሊኗን እርጥብ አሸዋ ላይ በተቀመጠ ማሰሮ ውስጥ እናኖረዋለን። አንዱ ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 1000 ዩኒት ነው። በቀን 40 ዩኒት የታዘዘላት ልጅ በ25 ቀን ትጨርሰዋለች። የእሷ ግን ወር አልፎትም ከግማሽ በላይ ነበር። ልጅቷ እየከሳች ነው፤ ሰዉም «አማረብሽ» ይላታል።

ኢንሱሊን ሲቀር ስኳሩ ወደ ሴል መግባት ያቅተውና በሽንት ይወጣል፤ ሰውነት የራሱን ስብ ማቃጠል ይጀምራል። ክሳቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። ከስቡ የሚወጣው ኬቶን ግን ደሙን አሲድ ያደርገዋል። አንድ ሌሊት ማስታወክ ጀመራት፤ ትንፋሿ ረዘመ፣ እንደበሰበሰ ፍራፍሬም ሸተተኝ። ተሸክመናት ሮጥን።

ሐኪም ቤት አንዱ «ሰነፍ!» ብሎ ተቆጣት። አንዲት ትልቅ ሴት ነርስ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «የኔ ልጅ፣ የሚያስፈራሽ መርፌው ነው ወይስ መወፈሩ?» አለቻት። እህቴ ያኔ ነው መወፈሩን ፈርታ መርፌውን እንደምትተው አልቅሳ የተናገረችው።

ቦስተን ውስጥ 234 የስኳር ሕመምተኛ ሴቶችን ለ11 ዓመት የተከታተለ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ኢንሱሊናቸውን እንደሚቀንሱ የተናገሩት የመሞት አደጋቸው ከሌሎቹ በሦስት እጥፍ ገደማ በልጦ ተገኝቷል። መወፈርን ፈርቶ ኢንሱሊን መተው ስንፍና ሳይሆን ሕመም ነው፤ ከስኳሩ ጋር አብሮ መታከም አለበት።

መርፌውን እንደገና ስትጀምር እግሯ አበጠ። ነርሷ «ውሃ ነው እንጂ ስብ አይደለም፣ ይሄዳል» ብላ አስቀድማ ባትነግራት ኖሮ ያኔውኑ ታቆመው ነበር። እብጠቱ ሄደ። አሁን በቀጠሮዋ ቀን ጀርባዋን ለሚዛኑ ቁጥር ሰጥታ ትመዘናለች፤ ኪሎዋን ነርሷ ብቻ ጽፋ ትይዛለች።