68 ግራም የምትመዝን ሰንጢ፦ ከ14 ወራት አገልግሎት በኋላ

ከዚህች በፊት የነበረችኝ ሰንጢ እጀታዋ በሁለቱም በኩል ብረት የለበሰ፣ 130 ግራም የምትመዝን ጠንካራ መሣሪያ ነበረች። በሥራዋ የሚወጣላት እንከን አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ቀጭን ሱሪ በለበስሁ ቁጥር ኪሴን ወደ ታች እየጎተተች፣ ስቀመጥ ጭኔን እየወጋች፣ ደረጃ ስወጣ እየተወዛወዘች ስላስቸገረችኝ ቀስ በቀስ ጠረጴዛ ላይ ትቻት መውጣት ለመድሁ። ገመድ የሚቆረጥበት ወይም ካርቶን የሚከፈትበት ሰዓት ሲመጣ ታዲያ ሰንጢዋ ቤት፣ እኔ ደጅ እየሆንን ተቸገርሁ። ክብደቷ በግማሽ ያህል የሚያንስ፣ ሆኖም በአንድ እጅ በፍጥነት የምትከፈት ባለ ፍሊፐር (በጣት ስትሳብ ስለቱን የምታስወጣ ጉጥ ያላት) ሰንጢ የገዛሁት በዚህ ምክንያት ነው። አሁን 14 ወራት አልፈዋል፤ በእነዚህ ወራት የተረዳሁት ዋና ነገር ቀላልነትና ፍሊፐር በአንድ ሰንጢ ላይ ተስማምተው እንዲኖሩ ማድረግ ከውጭ ከሚታየው እጅግ የከበደ ሥራ መሆኑን ነው።

የስለቷ ርዝመት 75 ሚሊ ሜትር፣ በጀርባው በኩል ያለው ውፍረት ደግሞ 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። ክብደቷን የቀነሰው በዋነኛነት እጀታዋ ሲሆን፣ የተሠራውም በፋይበር ግላስ ከተጠናከረ ናይለን ነው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አረብ ብረት 7.8 ግራም ገደማ፣ ቲታኒየም ደግሞ 4.5 ግራም ገደማ የሚመዝን ሲሆን፣ ይህ ናይለን ግን ከሁለት ግራም በታች ነው። ሠሪዎቹ በዚህ ሳይወሰኑ በእጀታው ውስጥ ከግራና ከቀኝ የሚገባውን የብረት ንጣፍ ከአንዱ ጎን አውጥተው በሌላው ጎን ብቻ ትተውታል፤ የቀረውም ቢሆን ስስና አጭር ነው። ይህን ስስ ንጣፍ በኋላ እመለስበታለሁ፤ የሰንጢዋ መልካም ጠባይም ሆነ ችግሯ የሚመነጨው ከእርሱ ነውና።

ተዘግታ ሳለች ከእጀታዋ ጀርባ ብቅ የምትል አንዲት ጉጥ አለቻት፤ ፍሊፐር የሚባለው ይህች ጉጥ ናት። ጉጧ የስለቱ የራሱ ግርጌ አካል ስለሆነች በሌባ ጣት ወደ ኋላ ስትሳብ ስለቱ በማጠፊያው ዙሪያ ዞሮ ይወጣና ይቆለፋል። ይህን የተመለከተ ሰው ሁሉ ውስጧ ሞላ ያለ ይመስለዋል። እንዲህ ዓይነት ረዳት ሞላ ያላቸው ሰንጢዎች መኖራቸው እርግጥ ነው፤ የእኔዋ ግን ስለቱን የሚገፋ ምንም ሞላ የላትም። ስለቱን የምታስወነጭፈው ስፋቷ ከሁለት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ በመቆለፊያው ቅጠል፣ ማለትም በዚያ ስስ ንጣፍ አንድ ክፍል ላይ የተሰካች ጠንካራ ብይ ናት። ሰንጢዋ ስትዘጋ ብይዋ በስለቱ ግርጌ ላይ በተበሳ ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች። ጣቴ ጉጧን ሲጫን ብይዋ ጉድጓዷን አልለቅም ትላለች፤ ግፊቱም ይጠራቀማል፤ ከአቅሟ ሲያልፍ በድንገት ትለቃለች፤ የተጠራቀመው ኃይል ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ስለቱ ይሄዳል። እንግዲህ ፍሊፐርን ፍሊፐር የሚያደርገው የመልቀቁ ነገር ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ የመያዙ ነገር ጭምር ነው። ብይዋ ላላ አድርጋ ከያዘች ስለቱ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል፤ አጥብቃ ከያዘች ደግሞ ከአሥር ጊዜ በኋላ የጣት ጫፍ ይታመማል።

በቀላል ሰንጢ ላይ ይህ ሚዛን የበለጠ ይከብዳል። ከባድ ስለት አንዴ ከተነሣ በራሱ ክብደት ተሸክሞ እስከ መጨረሻው ይደርሳል፤ ቀጭንና ቀላል ስለት ግን ያን ያህል ጉልበት በውስጡ ስለማይይዝ በመንገዱ ላይ ያለች ትንሽ ሰበቃ ሁሉ ታስቆመዋለች። በዚያ ላይ ያ ስስ ንጣፍ ሁለት ሥራ አለበት፦ ሰንጢዋ ስትከፈት ከስለቱ ግርጌ ኋላ ገብቶ መቆለፍ፣ ስትዘጋ ደግሞ ብይዋን ተሸክሞ ስለቱን ባለበት መያዝ። ይህን መቆለፊያ ዛሬ በምናውቀው መልኩ ያዳበረው አሜሪካዊው ሰንጢ ሠሪ ማይክል ዎከር ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ክብደት ለመቀነስ ሲባል ንጣፉ በሳሳ ቁጥር ብይዋን የሚጫናት ኃይልም ስለሚቀንስ፣ ሠሪው የንጣፉን ጉብጠትና የጉድጓዷን ጥልቀት በጥንቃቄ ካላስተካከለ ሰንጢዋ ቀላል ትሁን እንጂ ፍሊፐሯ ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል። የእኔዋ ስትገዛ ይህ ሚዛን በትክክል ተጠብቆላት ነበር፤ ከመቶ ሙከራ አንዱን እንኳ አትስትም ነበር።

ሚዛኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ወር ገደማ የበለጠ እንድትለሰልስ ብዬ ማጠፊያዋ ላይ ወፍራም ዘይት አፈሰስሁባት፤ ስለቱም በትንሹ ወደ ጎን የሚነቃነቅ ስለመሰለኝ የማጠፊያውን ብሎን አጠበቅሁት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስለቱ እየወጣ መሀል መንገድ ላይ ይቀር ጀመር። ኮከብ አፍ ባላቸው ሁለት ትናንሽ ካቻቢቴዎች ፈትቼ ስመለከታት ዘይቱ ከኪሴ የለቀመው የጨርቅ ብናኝ ስለቱ በማጠፊያው ላይ በሚዞርበት ኩሽኔታ ብዮች መካከል ጥቁር ሊጥ ሆኖ ተለንቅጧል። ስለቱን የምትይዘው ብይና ጉድጓዷም በዘይት ርሰው ስለነበር ብይዋ ግፊቱ ሳይጠራቀም ቀድማ ትንሸራተት ነበር። ሁሉንም በአልኮል አጥቤ አደረቅሁ፤ ለኩሽኔታው አንዲት ጠብታ ቀጭን ዘይት ብቻ ሰጠሁት። ብሎኑን በተመለከተ የአንድ ዙር ስምንተኛ እንኳ ትልቅ ለውጥ እንደሚያመጣ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ትክክለኛው ቦታ ስለቱ ወደ ጎን የማይነቃነቅበት፣ ሆኖም መቆለፊያው ሲለቀቅ በራሱ ክብደት ወደ ታች የሚወርድበት ነው። ያንን ካገኘሁ በኋላ ብሎኑ በራሱ እንዳይላላ ተመልሶ የሚፈታውን ዓይነት የብሎን ማጣበቂያ በጥቂቱ ቀብቼ አሠርሁት።

በነገራችን ላይ ኩሽኔታ ለሁሉም ሰው ይሻላል የሚል እምነት የለኝም። በአቧራና በአሸዋ መካከል የሚሠራ ሰው ከነሐስ የተሠራ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያላት ሰንጢ ብትኖረው ይሻለዋል፤ ሮንዴላው በመጠኑ ያዘገያል፣ ነገር ግን እንደ ኩሽኔታ ብዮች ቆሻሻ የሚሰበስብ ቀዳዳ የለውም።

የስለቷ ብረት 14ሲ28ኤን የሚባለው የስዊድን አረብ ብረት ነው፤ በውስጡ 0.62 በመቶ ካርቦን፣ 14 በመቶ ክሮሚየምና 0.11 በመቶ ናይትሮጅን ይገኛል። ካርቦኑ መጠነኛ መሆኑ ስለቱ ረጅም ጊዜ ሳይዶለዱም እንዳይቆይ የሚያደርገው ቢሆንም ለመሳል እጅግ ቀላል አድርጎታል፤ ናይትሮጅኑ ደግሞ ጥንካሬውን ሳይቀንስ ከዝገት ይጠብቀዋል። 1.5 በመቶ ያህል ካርቦንና 12 በመቶ ያህል ክሮሚየም ያለው ዲ2 የተባለው ብረት ስለቱን ይበልጥ ያቆያል፤ ነገር ግን ላብ በነካው ኪስ ውስጥ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ሲሳልም ትዕግሥት ይፈልጋል። እኔ በየቀኑ ካርቶን ስለምቆርጥና ካርቶን ደግሞ ከሚገመተው በላይ ስለት የሚያደነዝዝ ነገር ስለሆነ፣ በየሁለት ሳምንቱ በሴራሚክ ዘንግ ላይ በእያንዳንዱ ጎን አምስት አምስት ጊዜ አሻሻታለሁ፤ በዚያው ወረቀት ወደ መቁረጥ ትመለሳለች። በ14 ወራት ውስጥ መሳያ ድንጋይ ላይ ያወጣኋት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ዝገት የሚባል ነገር አላየሁባትም።

ክሊፗ በጥልቀት ስለምትቀመጥ ከኪሴ ጫፍ በላይ ብዙም አትታይም። ሆኖም ከክሊፑ ሥር ያለው የእጀታው ገጽ በጣም ሻካራ ስለነበር የሱሪዬን ኪስ ጠርዝ እየበላው አስቸገረኝ። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያን ቦታ ብቻ አለሰለስሁት።

ቀላልነቷ ዋጋ የሚያስከፍልበት ቦታም አለ። ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ስቆርጥ ቀጭኑ እጀታ መዳፌን ይቆረቁረኛል፤ ስለቱን ጠምዘዝ ሳደርግም ናይለኑ በጥቂቱ ሲለመጥ ይሰማኛል። ስለዚህ በእርሷ ምንም ነገር ፈልቅቄ አላውቅም፤ ለዚያ ሥራ አልተሠራችም።

ስለ አዘጋጓም አንድ ነገር ማስገንዘብ አለብኝ። ስትከፈት ጉጧ በእጀታው ሥር በኩል ወጥታ ከሌባ ጣቴ ፊት ስለምትቆም እጄ ወደ ስለቱ እንዳይንሸራተት ትከላከላለች። ስዘጋት ግን በአውራ ጣቴ ቅጠሉን ገፍቼ ስለቱን ሳጥፍ መጀመሪያ ጣቴን የምታገኘው ጉጧ ናት፤ ያን ጊዜ ቆም ብሎ ጣትን ከስለቱ መንገድ ማውጣት ያስፈልጋል። በአንድ እጅ በፍጥነት መዝጋትን ለማንም አልመክርም። የሚቆለፍና በአንድ እጅ የሚከፈት ሰንጢን በአደባባይ ይዞ መሄድን በተመለከተም የአገሮች ሕግ ይለያያል፤ ለምሳሌ በብሪታንያ የሚቆለፍ ሰንጢ ርዝመቱ ምንም ቢያንስ ያለ በቂ ምክንያት አይያዝም። ተጓዥ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል።

አሁን በቅርብ የምከታተለው ያንን ስስ ንጣፍ ነው። እንደ ገዛኋት ሰንጢዋ ስትከፈት ቅጠሉ የስለቱን ግርጌ የሚነካው በመጀመሪያው ሲሶ ላይ ነበር፤ ዛሬ ወደ ግማሹ ተጠግቷል። ብረት ከብረት ጋር ሲፋተግ ሁለቱም ጥቂት ጥቂት ስለሚበሉ ቅጠሉ በየጊዜው ወደ ማዶው ጎን ይሻገራል፤ ገና ቦታ አለው፤ መቆለፊያውም እስካሁን ጽኑ ነው። በየወሩ መጀመሪያ ላይ ሰንጢዋን ከፍቼ፣ የስለቱን ጀርባ በእንጨት ጫፍ ላይ ጫን አድርጌ እንደማይታጠፍ አረጋግጣለሁ፤ ከዚያም ቅጠሉ የደረሰበትን ቦታ ከባለፈው ወር ፎቶግራፍ ጋር አስተያየዋለሁ።