አደይ አንድ አበባ አይደለችም፦ የእንጦጦ ማስታወሻዬ

አበባ መለየት ከጀመርኩ ሰባተኛ ወሬን ያዝኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሽሮ ሜዳ ተነስቼ እንጦጦ እወጣለሁ። ደብተር፣ ትንሽ ማጉያ መነጽርና አሮጌ ጋዜጣ እይዛለሁ።

መጀመሪያ የምመዘግበው በቀለም ነበር። ይሄ የትም አላደረሰኝም። አምጃም ቢጫ ነው፣ አደይም ቢጫ ናት፤ ግን አይዛመዱም።

ነገሩ የተለወጠው መስከረም ላይ አንዷን አደይ ሰንጥቄ ሳይ ነው። መሃሏ ላይ የታጨቁት ጥቃቅን ነገሮች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። ዙሪያዋን ያሉት ቢጫ ቅጠሎችም እንደዚያው፤ እያንዳንዱ አንድ አበባ ነው። ለካ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ አንድ አደይ የሰጠን ልጅ ሙሉ እቅፍ ሰጥቶናል! ግራዋ፣ ኑግና የሱፍ አበባም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ መንገድ ዳር ያለውን አበባ ሁሉ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በዚያው ሰሞን "አደይ" ብዬ የመዘገብኩትን አንድ ተክል፣ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናት አይተው፣ "ይኼ እኮ መጭ ነው ልጄ፣ ቅጠሉን እይ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የአደይ ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው፤ የመጭ ቅጠል ደግሞ ድፍን ሆኖ ግንዱን እቅፍ ያደርጋል። እኔ አበባው ላይ አፍጥጬ ቅጠሉን ረስቼ ነበር። አሁን መጀመሪያ የማየው ቅጠሉን ነው፦ ትይዩ ነው (ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት የበቀለ) ወይስ ተፈራራቂ (አንድ አንድ እያለ በየተራ የበቀለ)? ዳርቻው መጋዝ ነው ወይስ ለስላሳ?

ግንዱንም በጣቴ እዳስሳለሁ። ጦስኝ፣ ዳማከሴና ራስ ክምር ግንዳቸው አራት ማዕዘን ነው፤ ቅጠላቸው ትይዩ፣ አበባቸው ባለ ሁለት ከንፈር። ሦስቱም አንድ ቤተሰብ ናቸው። ግንዱ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሌሎች ባለ አራት ማዕዘን ግንዶችም አሉ። ሦስቱ ምልክቶች ሲገጥሙ ነው ልቤ የሚያርፈው።

በጣም የገረመኝ ኮሶና ቀጋ ዘመዳሞች መሆናቸው ነው። አንዱ ግዙፍ ዛፍ፣ አንዱ እሾሃማ ቁጥቋጦ። ቅጠላቸውን ጎን ለጎን አስቀምጡትና እዩት። ኮሶ ደግሞ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ነው የሚበቅለው፤ ቀላ ብሎ የሚንዠረገገው የሴቴው አበባ ነው።

ስለ ማድረቅ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ክረምት ላይ የሰበሰብኳቸውን ጋዜጣ ውስጥ አድርጌ፣ ድንጋይ ጭኜባቸው ለሳምንት ተውኳቸው። አሥራ አንዱም ሻገቱ። በጣም አዘንኩ። ጋዜጣው በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየቀኑ መቀየር አለበት። ቀለሙንም ወዲያው ጻፉት፤ ሲደርቅ ይጠፋል። ቀን፣ ቦታና ከፍታም አይረሳ።

የመጨረሻውን ስም የምፈልገው "የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ" በሚባለው የዕፅዋት መለያ መጽሐፍ ላይ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ያለቀ፣ ስምንት ቅጽ ያለው ነው። ጥያቄ በጥያቄ እየመራ ወደ ዝርያው ያደርሳል።

አደይ የምንላት ግን ገና አልተፈታችልኝም። በዚህ ስም የሚጠሩት ዝርያዎች ከአንድ በላይ ናቸው። ወገናቸው (ከቤተሰብ አነስ ያለው ምድብ) ቢደንስ ይባላል፣ በላቲን "ባለ ሁለት ጥርስ" ማለት ነው። ልብሳችን ላይ የሚጣበቀው ጭጎጎትም እዚሁ ውስጥ ነው፤ ጥርሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዝርያዎቹን ለመለየት የበሰለ ፍሬ ያስፈልጋል። ስለዚህ ምልክት ያደረግኩባቸውን አራት ቦታዎች ኅዳር ላይ ተመልሼ አያለሁ።