የመቅደሱን ግድግዳ በሲሚንቶ ያስለሰንሁት እኔ ነኝ

በጎጃም ገጠር ክርስትና የተነሣሁባትን አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ለማደስ የተቋቋመውን ኮሚቴ የመራሁት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ እድሳት የጀመሩ ምእመናን ጥፋቴን እንዳይደግሙት ነው።

ሕንፃው እንደ አብዛኞቹ የአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ክብ ሲሆን፣ ከውጭ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቀጥሎ ቅድስቱ፣ በመካከሉም አራት ማዕዘኑ መቅደስ ይገኛል። ግድግዳው በወይራና በጽድ ቋሚ፣ በማገርና በጭቃ ምርግ የቆመ ነው፤ የመቅደሱ ሥዕሎችም በአቡጀዴ ላይ ተሥለው በምርጉ ላይ የተለጠፉ ናቸው።

ታቦቱ ወደ መቃኞ፣ ማለትም ወደ ጊዜያዊው ማረፊያ፣ ከገባ በኋላ የሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ተተካ፤ የጉልላቱ የሰጎን እንቁላሎች በክብር ወርደው ተመልሰው ተሰቀሉ፤ ከበሮው አዲስ ቆዳ ለበሰ፤ መጋረጃና አትሮንስም ተገዛ። ቆርቆሮው ሲመታ ክፍክፉ እንዳያጥር አጥብቄ በመከራከሬ ዛሬም እኮራለሁ፤ የጭቃ ግድግዳን ከዝናብ የሚያድነው ሰፊ ክፍክፍ ነውና።

ጥፋቱ የመጣው ከወለሉና ከልስኑ ነው። ከወረዳው የመጣው ባለሙያ፣ ሰሌን ይነጠፍበት የነበረው የአፈር ወለል ኮንክሪት እንዲሆን፣ የመቅደሱም ግድግዳ በቅድስቱ በኩል ከሥዕሎቹ ሥር በሲሚንቶ እንዲለሰን ጽፎ ሰጠን። ያንኑ ግድግዳ በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር የመረጉ አንድ አዛውንት ግን «ልጄ፣ ጭቃ ላብ አለው፤ መውጫውን ከደፈንህበት ወዴት ይሄዳል?» ብለውኝ ነበር። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ከእሳቸው ቃል ማስበለጤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በሁለተኛው ክረምት ከልስኑ በላይ ያለው ግድግዳ ጠቆረ። ቀድሞ በአፈሩ ወለልና በግድግዳው ግርጌ ይተን የነበረው የመሬት እርጥበት መውጫ ሲያጣ በጭቃው ውስጥ ሽቅብ ወጥቶ ከሥዕሎቹ ደረሰ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግር አጠገብ አቡጀዴው አብጦ አየሁና በጣቴ ጫፍ ነካ ባደርገው፣ ከጀርባው ያለው ጭቃ እንደ ረጠበ ዱቄት ሲንሸራተት ተሰማኝ። መስከረም ጠብቶ ግድግዳው ሲደርቅ ዘንዶው ከነቀለሙ ተገንጥሎ ወደቀ። ባለሙያው መጥቶ ካየ በኋላ «ልስኑ ስለሳሳ ነው፤ ደግማችሁ ለስኑት» አለን። ያን ቀን የተናደድሁትን ያህል በሕይወቴ ተናድጄ አላውቅም።

አልደገምነውም። ሲሚንቶውን በመሮ ቀስ በቀስ አስፈልጠን፣ ከጤፍ ጭድ ጋር ሁለት ሳምንት በተቦካ ጭቃ አስመረግነው፤ የወለሉንም ኮንክሪት በግድግዳው ዙሪያ አንድ ክንድ ያህል አስፈንቅለን ጠጠር ሞላንበት። ምርጉ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት፤ እሱም የአንድ ቀን ደቦ ነው። ማንም ባለሙያ፣ የፈለገው ማዕረግ ቢኖረው፣ ጭቃ ጊዜው ያለፈበት አሠራር ነው ቢላችሁ አትስሙት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ እድሳት አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያገኝ ያዝዛል፤ እኔ ግን አዋጁን ያነበብሁት ዘንዶው ከወደቀ በኋላ ነው።

የወደቀው አቡጀዴ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ዕቃ ቤት ተቀምጧል። በቦታው አዲስ ዘንዶ ይሣል የሚሉ ምእመናን አሉ፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰው መጥቶ ቁራጩን ወደ ቦታው መመለስ ይቻል እንደሆነ እስኪያይልን ድረስ ግን ግድግዳው ባዶውን እንዲቆይ በሰበካ ጉባኤው እየተከራከርሁ ነው።