ሚስማር መሀል ሳንቲም መለየት፦ በጅማ አሮጌ ቤቶች ዙሪያና ሥር በሜታል ዲቴክተር መሥራት

ጅማ ውስጥ ሜታል ዲቴክተር ሊገዛ የመጣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ሜትር ይወርዳል?» ብሎ ነው። ለአሮጌ ቤት ግቢ ይህ ጥያቄ ብዙም አይጠቅምም። ሰማንያ ዓመት የቆመ ቤት ጣራው በተቀየረ፣ በረንዳው በተጠገነ፣ አጥሩ በታደሰ ቁጥር ሚስማር እየረገፈ ዙሪያውን ሞልቶታል። ከላይ ያለው 20 ሴንቲ ሜትር አፈር ሚስማር፣ የቆርቆሮ ቁራጭ፣ ሽቦ፣ ቆርኪና የባትሪ ድንጋይ ነው። እዚያ መሀል ያለን አንድ ሳንቲም ለይቶ መስማት ካልተቻለ ማሽኑ ሁለት ሜትር ቢወርድም ዋጋ የለውም።

ከማሽኑ በፊት ግን ፈቃዱ። ሰው የማይኖርበት ቤት ባለቤት የሌለው ቤት አይደለም። የጅማ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ተወርሰው በቀበሌ ወይም በሌላ የመንግሥት አካል እጅ የገቡ ናቸው፤ የግል የሆኑትም ብዙ ወራሽ አላቸው። አንዱ ወንድም ፈቅዶ ሌላው ፖሊስ የሚጠራበት ጉዳይ እንዳይሆን ፈቃዱን በጽሑፍ መያዝ ይሻላል። ሌላው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው፤ ቅርስ ለመፈለግና ለመቆፈር ፈቃድ ያስፈልጋል፣ በድንገት የተገኘ ቅርስም ወዲያው ለቅርስ ባለሥልጣን መነገርና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ መጠበቅ አለበት። ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትና ግቢው በምንም መልኩ ማሽን ይዞ የሚገባበት ቦታ አይደለም። እዚህ የምንጽፈው ቤት ሊያድስ ወይም ሊያፈርስ ላሰበ፣ የወደቀ ቀለበት ለሚፈልግ፣ የተቀበረ የውሃ ቱቦ ለጠፋበት፣ ሲቆፍርም የወጣውን ነገር ለይቶ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ነው።

«ጣሊያን ሲሸሽ ወርቅ ቀብሯል» ለሚለውና ከዚያ ጋር ለሚሸጠው ካርታ ምንም ቦታ የለንም። ሁለት አንቴና ይዞ «ወርቁን ከመቶ ሜትር ያሳያል» የሚባለው ዕቃም የሚያሳየው የያዘውን ሰው እጅ እንቅስቃሴ ብቻ ነው።

ማሽን ሲመረጥ ትልቁ ስህተት ትልቅ ኮይል (መሬት ላይ የሚያልፈው፣ ብረቱን የሚሰማው የማሽኑ ክብ ጫፍ) ነው። ከብዙ ማሽኖች ጋር የሚመጣው 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ኮይል ለክፍት ሜዳ ጥሩ ነው፤ ሚስማር በበዛበት ግን በአንድ ጊዜ አምስት ስድስት ብረት ከሥሩ ስለሚገባ ድምፃቸው ይደባለቃል፣ የሳንቲሙም ድምፅ ይዋጣል። 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዲዲ ኮይል (ውስጡ ሁለት የ«D» ቅርጽ ያላቸው ጥቅል ሽቦዎች ያሉት) ይግዙ። ጥልቀት ይቀንሳል፤ ግን በሁለት ሚስማር መሀል ያለውን ክፍተት ያያል። ለሳንቲም በግምት የሚሠራው ሕግ፣ በደህና አፈር ላይ ጥልቀቱ የኮይሉን ስፋት ያህል ነው የሚል ነው። በጅማ ቀይ አፈር ከዚያ ያንሳል። «በጣም ጥልቅ» እየተባሉ የሚሸጡት ፐልስ ኢንዳክሽን (በአጫጭር የኤሌክትሪክ ምት የሚሠሩ) ማሽኖች የአፈሩን ጩኸት በደንብ ይቋቋማሉ፤ ሚስማርን ከብር ለመለየት ግን አይሆኑም። በአሮጌ ቤት ግቢ ቀኑን ሙሉ ሚስማር ሲያስቆፍሩ ይውላሉ።

ማሽኑ የሚለየውን ለማወቅ ግቢ ውስጥ መሞከሪያ ይሠራ። 40 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጣውላ መሀል አንድ ሳንቲም ይለጠፍ፤ ዙሪያውን ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ አራት የቆርቆሮ ሚስማር በተለያየ አቅጣጫ ይጋደም። ኮይሉን ከአራቱም አቅጣጫ እያሳለፉ ሳንቲሙ በስንቱ እንደሚሰማ ይቆጠር። ከዚያ አንድ በአንድ ይቀየር፦ ሴንሲቲቪቲ (ማሽኑ ደካማ ምልክትን የሚሰማበት ልክ) ከሙሉው ወደ 60 ወይም 70 በመቶ ይውረድ፣ ሪከቨሪ ስፒድ (ከአንድ ብረት በኋላ ቀጣዩን ለመስማት የሚዘጋጅበት ፍጥነት) ይጨመር፣ ብረት ማፈኛው ይጥፋ። ብረት ማፈኛ (ዲስክሪሚኔሽን) ሲከፈት ማሽኑ ሚስማሩ ላይ ዝም ይላል፤ ዝም ባለበት ቅጽበት አጠገቡ ያለው ሳንቲምም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ብረቱ በወፍራም ዝቅተኛ ድምፅ ይሰማ፣ ጆሮ ይለየው። መጀመሪያ ላይ ያደክማል፤ ሄድፎን ካለ ይሻላል።

የጅማ አፈር ለብቻው ትምህርት ይፈልጋል። ቀዩ ሸክላማ አፈር ብረት የበዛበት ነው፤ ለዚህም ነው ቀይ የሆነው። ማሽኑን በፋብሪካው ልክ ትቶ መሬት ላይ ማሳለፍ ያለማቋረጥ ማስጮህ ነው። ምንም ብረት የሌለበት ግማሽ ሜትር ቦታ ይፈለግና የግራውንድ ባላንስ (ማሽኑን ከአፈሩ ጋር የሚያስማማው) ቁልፍ ተይዞ ኮይሉ ከ5 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ መካከል ስድስት ሰባት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀስ። ሲወርድም ሲወጣም ድምፁ እኩል ከሆነ ተስተካክሏል። ከግቢው ወደ ቤቱ ሥር ሲገባ እንደገና መደረግ አለበት፤ የውጪው አፈር ዝናብ የጠገበ፣ የውስጡ ደረቅ አቧራ ነው። ጓዳና ምድጃ የነበረበት ቦታ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። እሳት የበላው ቀይ አፈር ከጎረቤቱ አፈር ይልቅ ማግኔታዊ ይሆናል፤ ማሽኑ ጉልቻው በነበረበት ላይ ሲጮህ ብዙ ሰው «ማሰሮ ተገኘ» ብሎ ይቆፍራል። ሸክላ ጡብና ከመሠረት የወደቀ ጥቁር ድንጋይም እንዲሁ ያታልላሉ። መለያው ቀላል ነው፦ ኮይሉ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል የድንጋይና የተቃጠለ አፈር ድምፅ ቶሎ ይሟሽሻል፣ የእውነተኛ ብረት ግን እየሳሳ ይቆያል።

ወቅትም ይመረጣል። በክረምት ጭቃው ኮይሉ ላይ ይጣበቃል፣ ጉድጓዱ ውሃ ይሞላል። በጥር ሸክላው ድንጋይ ይሆናል፣ የሚነሳው አፈር ይፈረካከሳል። ጥቅምትና ኅዳር፣ ዝናቡ ወጥቶ መሬቱ እርጥበቱን ሳይለቅ፣ ምርጡ ጊዜ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ገመድ በ1 ሜትር ርቀት ይወጠር። ኮይሉ ከመሬት 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከጎን ወደ ጎን አንዱን ሜትር በሁለት ሦስት ሰከንድ ያህል ይለፍ፤ እያንዳንዱ ማለፊያ የቀደመውን ግማሽ ይሸፍን። ጫፍ ላይ ኮይሉን ማንሳት የሁሉም ጀማሪ አመል ነው፤ ጫፉ ሲነሳ ጥልቀቱ ይጠፋል። ድምፅ ሲመጣ 90 ዲግሪ ዞሮ እንደገና ማለፍ። ከሁለቱም አቅጣጫ በአንድ ነጥብ ላይ አንድ ዓይነት ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ይቆፈራል። ሲዞሩ ወደ ወፍራም ድምፅ ከተለወጠ ወይም ነጥቡ ከቦታው ከሸሸ የተጣመመ ሚስማር ነው። ቆርቆሮ ከሁሉም የባሰ አታላይ ነው፤ ጠፍጣፋና ሰፊ ስለሆነ ብር የሚመስል ከፍተኛ ድምፅ ይሰጣል። ኮይሉ በ30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይም ጮክ ብሎ ከሰማው ሳንቲም አይደለም። የብሎን ቀለበትና የበር ማጠፊያ ግን ልምድ ያለውንም ያስቆፍራሉ።

የት? ከጣራው ጠርዝ በታች ጠፈጠፍ የሚወርድበት መስመር ሚስማር የሚበዛበትም፣ የወደቀ ሳንቲም ታጥቦ የሚሰበሰብበትም ነው፤ ትንሿ ኮይል እዚያ ዋጋዋን ትመልሳለች። የበር ደፍ፣ የደረጃ ግራና ቀኝ፣ ከበረንዳ ጣውላ ሥር፣ ከግቢው ዛፍ ጥላ ሥር። የቡና መጋዘን ከሆነ ሚዛን የተቀመጠበትና ሒሳብ የተከፈለበት በር አካባቢ፣ ከማስጫው ሜዳ ይልቅ። ጅማ የሂርማታ ትልቅ ገበያ ከተማ ነበረችና ብር በእጅ የሚቆጠርበት ቦታ ብዙ ነው።

ከጣውላ ወለል በታች ስንመጣ ዲቴክተሩ ረዳት ይሆናል፣ ዋናው ዕቃ ወንፊት ነው። በጣውላዎቹ ክፍተት የወደቀ ነገር ሁሉ ላዩ ላይ፣ በ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር አቧራ ውስጥ ይቀራል። ሁለት ጣውላ ይነሳ፤ የተነቀለ ሚስማር እዚያው እንዳይጣል ጣሳ ይያዝ። በሞራሌዎቹ መካከል ያለው አቧራ በብሩሽና በአካፋ ተሰብስቦ፣ ቀዳዳው 6 ሚሊ ሜትር በሆነ ወንፊት ይነፋ፣ ከዚያ ከቤት ውጪ ሸራ ላይ ተዘርግቶ በፒንፖይንተር (ብረቱ ያለበትን ነጥብ በሚያሳይ ትንሽ የእጅ ማሽን) ይፈተሽ። አቧራውን አስቀድሞ በማግኔት ማጽዳት የሚወዱ አሉ። ማግኔቱ የሳበውን ሳያዩ መጣል ግን ትልቅ ጥፋት ነው፤ ምክንያቱ የሚቀጥለው አንቀጽ ላይ አለ።

በዚህ አገር አሮጌ ቤት ሥር የሚወጣ ገንዘብ ሁሉ ከብር አልተሠራም። ጠገራ ብር (የማሪያ ቴሬዛ ብር) 28 ግራም ይመዝናል፣ ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁሉም ላይ 1780 ተጽፏል፣ ስለዚህ ዓመቱ መቼ እንደተመታ አይናገርም። ጣሊያን ራሷ ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሮም ላይ አስመትታዋለች። የምኒልክ ብርም ክብደቱ ከዚያው ጋር የተቀራረበ ነው። የብሩ ሃያኛ የሆነችው ግርሽ ግን 1.4 ግራም ብቻ ናት፣ ስፋቷም ከ17 ሚሊ ሜትር አያልፍም፤ ቶሎ የሚሄድ ኮይል ይዘላታል። 1936 ዓ.ም. የተጻፈበት ሽልንግ (50 ሳንቲም) 80 ወይም 70 በመቶ ብር ነው። አሁን ማግኔቱ፦ በ1923 ዓ.ም. የወጡት የ10፣ የ25 እና የ50 መቶኛ ሳንቲሞች ኒኬል ናቸው፣ ማግኔት ይስባቸዋል። የጣሊያን የ20 እና የ50 ቼንቴዚሚ፣ የ1 እና የ2 ሊሬም ከ1939 እ.ኤ.አ. በፊት ኒኬል፣ ከዚያ ወዲህ የማይዝግ ብረት ነበሩ፤ ብዙዎቹ ማግኔት ላይ ይለጠፋሉ። ማሽኑ ብረት ማፈኛ ከተከፈተለት እነዚህን እንደ ሚስማር ቆጥሮ ዝም ሊላቸው ይችላል።

ቁፋሮ። ከግድግዳ 1 ሜትር ውስጥ ከ25 ሴንቲ ሜትር በላይ አይወረድ። የጭቃ ቤት ቋሚ ሥሩን ምስጥ በልቶት በልስኑ ብቻ የቆመ ሊሆን ይችላል፤ የድንጋይ መሠረትም ከጎኑ አፈር ሲወሰድበት ይንሸራተታል። ሳር ያለበትን በሦስት ጎን ቆርጦ እንደ ክዳን መገልበጥ፣ አፈሩን ፌስታል ወይም ሸራ ላይ ማውጣት፣ ከዚያ መልሶ መርገጥ። ዶማ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ አንድ ምት ሳንቲሙን ያበላሸዋል። መኮትኮቻና የግንበኛ ማንካ ይበቃሉ።

አደጋዎቹን በቅደም ተከተል ብንጽፍ የመጀመሪያው የድሮ ሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። በእንጨት ተከድኖ አፈር የለበሰ፣ እንጨቱ የበሰበሰ ጉድጓድ በብዙ ግቢ ጓሮ አለ። ማንም ከመርገጡ በፊት ጓሮው በረጅም ብረት እየተወጋ ይፈተሽ፤ ቱም የሚል ክፍት ድምፅ ከሰጠ ይታጠር። ሁለተኛው ጥይትና ቦምብ። ጅማ በጣሊያን ጊዜ የጋላና ሲዳማ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች፤ እስከ ሰኔ 1933 ዓ.ም. ድረስም የጣሊያን ጦር ነበረባት። ባዶ የነሐስ ቀለህ ልክ እንደ ሳንቲም ይጮኻል፣ ችግር የለውም። ጭንቅላቱ ያለው ጥይት ግን አይነካም። የ1935 ሞዴል የጣሊያን የእጅ ቦምብ አካሉ ቀይ የተቀባ አልሙኒየም ነው፤ ቀለሙ ለቆ ተራ ጣሳ ይመስላል፣ ከ10 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፣ ሲወድቅ በማንኛውም ጎኑ እንዲፈነዳ የተሠራ ነው። ክብ፣ ወፍራም፣ ውስጡ የሞላ የሚመስል ነገር ጫፉ ከታየ ቁፋሮው እዚያው ይቆማል፤ አፈር አይመለስበትም፣ ምልክት ይደረግበታል፣ ሰው ይርቃል፣ ፖሊስ ይጠራል። ሦስተኛው ሥር መግባት። ከወለሉ እስከ መሬት ከ45 ሴንቲ ሜትር ካነሰ አይገባም፤ ጣውላውን ከላይ ማንሳት ይቀላል። የሌሊት ወፍ ኩስ ያለበት አቧራ ሳንባ የሚያሳምም ፈንገስ ሊይዝ ስለሚችል አስቀድሞ በውሃ ይርጠብ፣ ኤን-95 ማስክ ይደረግ። ቆጣሪው የተነቀለ ቤት መስመሩ ሞቷል ማለት አይደለም፤ ማሽኑ አንድ ቦታ ላይ ያለ ምክንያት ሳያቋርጥ ከተንጫረረ በላይ ወይም በታች የሚያልፍ ሽቦ ይፈለግ። የኪስ ሞባይልም ይህንኑ ስለሚያደርግ ፍላይት ሞድ ላይ ይሁን።

የወጣውን ነገር በልብስ ጠርጎ ማየት ዋጋውን የሚገድል ነው። የጅማ አፈር አሲድነት ስላለው መዳብ ላዩን ተበልቶ ይወጣል፤ ሲፈተግ ጽሑፉ ከአፈሩ ጋር ይነሳል። በተጣራ ውሃ ውስጥ አድሮ፣ ውሃው እየተቀየረ፣ በለስላሳ ብሩሽ ይለቀቅ። ሎሚና ኮምጣጤ አይነካውም። ከደረቀ በኋላ በወረቀት እንጂ በፌስታል አይጠቀለል፤ ፌስታል እርጥበቱን ይይዛል። ወረቀቱ ላይ የተገኘበት ክፍል፣ ከየትኛው ግድግዳ ስንት ሜትር እንደሆነና ጥልቀቱ ይጻፍ፤ ለባለሥልጣኑ የሚነገር ዕቃ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው።