አራት ነጥቦች፣ ስንት ጨረር?

አንዲት የጂኦሜትሪ ጥያቄ ሦስት ምሽት ካንገላታችኝ በኋላ ተፈታችልኝ። እንደ እኔ ከዓመታት በኋላ ወደ ሒሳብ ለተመለሳችሁ ላካፍላችሁ።

ባሕር ዳር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቀን እሰፋለሁ፣ ማታ እማራለሁ። ነጥብንና በሁለቱም በኩል የማያልቀውን መስመር በፍጥነት አለፍሁ። ቁራጭ መስመርም አላስቸገረኝም፤ ሁለት ጫፍ ያለውን ነገር መለካት የዕለት ሥራዬ ነው።

ያቆመኝ ጨረር ነው፤ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ በአንድ አቅጣጫ ያለ ማለቂያ የሚሄደው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የተባሉ ነጥቦች በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ተራቸውን ጠብቀው ተቀምጠዋል። በእነዚህ ፊደሎች ስንት መስመር፣ ስንት ቁራጭ መስመር፣ ስንት ጨረር መሰየም ይቻላል? መስመሩ በየትኞቹም ሁለት ፊደሎች ቢጠራ ያው አንድ ነው። ቁራጮቹ 6 ናቸው። የጨረር ስም በመነሻው ፊደል ይጀምራል፤ ጨረር ሀለ ከጨረር ለሀ ስለሚለይ 6ን በ2 አባዝቼ 12 ብዬ ጻፍሁ። ተሳስቼ ነበር።

በሦስተኛው ምሽት ከትምህርት ስመለስ ጣና ዳር ቆሜ የስልኬን መብራት ወደ ውኃው አበራሁ። ብርሃኑ መጀመሪያ ደንገሉን፣ ቀጥሎ የታሰረችውን ታንኳ ነክቶ ጨለማው ውስጥ ገባ። በደንገሉ ብጠራው፣ በታንኳዋ ብጠራው፣ ብርሃኑ ያው ነው፤ የተነሣው ከእጄ፣ የሄደውም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ሀለ፣ ሀሐ እና ሀመ አንድ ጨረር ናቸው! እርግጥ የስልክ መብራት ይበተናል፣ ይደክማል፤ የሒሳቡ ጨረር ግን ስፋት የለውም፣ አያልቅም፣ ስለዚህም ርዝመቱ አይለካም።

ቤት ገብቼ አራት ስፒሎች ጨርቅ ላይ በተርታ ሰካሁና ከየስፒሉ ክር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሳብሁ። 8 ጨረሮች ወጡ። ከሀ ወደ ግራና ከመ ወደ ቀኝ የሚሄዱት ግን በመንገዳቸው ላይ የሚጠሩበት ሁለተኛ ፊደል የላቸውም። በተሰጡት ፊደሎች የሚሰየሙት 6 ብቻ ናቸው።

«ሁለት ቀስት መስመር፣ አንድ ቀስት ጨረር» እያሉ በቃል ማስያዝን አጥብቄ እቃወማለሁ። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ አንድም ጥያቄ አልፈታልኝም። ከየት ይነሣል? ወዴት ይሄዳል? ያልቃል ወይ? ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የጣናን የሩቅ ጠርዝ የመስመር ምሳሌ ማድረግንም አልቀበልም፤ ምድር ክብ ስለሆነች ጠርዙ ጎባጣ ነው። ከ2,300 ዓመታት ገደማ በፊት የኖረው የግሪክ የጂኦሜትሪ ሊቅ ዩክሊድ ቀጥታ መስመር የሚለው ጫፍ ያለውን ነበር፤ እንዳስፈለገ ማስረዘም ይቻላል ይላል። ለልብስ ሰፊ ከዚህ የሚቀርብ መነሻ የለም፦ ቁራጩን ይዞ ማስረዘም።

ወደ ግራ የሚሄድ ጨረር ግን አሁንም ያስቸግረኛል። ዓይኔ ከግራ ወደ ቀኝ ማንበብ ስለለመደ መነሻውን ፊደል ኋላ አደርገዋለሁ፤ ትናንት ከአምስት ጥያቄዎች ሁለቱን እንዲህ ገልብጬ ጻፍሁ። አሁን ፊደል ከመጻፌ በፊት መነሻው ላይ በስፌት ጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ። የሚቀጥለው ትምህርት ማዕዘን ነው፤ ከአንድ ነጥብ የሚነሡ ሁለት ጨረሮች። ስፒሎቹን ከጨርቁ ላይ አልነቀልኋቸውም።