የመዳብ ሮንዴላ ፍለጋ

መኪና ውስጥ ቤንዚን ሲሸተኝ ዝም ማለት አልችልም። ከኋላ ልጆች ይቀመጣሉ። ዛሬ ኮፈኑን ስከፍት፣ የነዳጅ ቱቦው ፊልትሮው ላይ በቡሎን የሚታሰርበት ቦታ ጠብታ ተንጠልጥሎ አገኘሁ።

እዚያ ቦታ ቤንዚኑን የሚያግደው የቡሎኑ ጥርስ አይደለም። ከቱቦው ጫፍ ወዲህና ወዲያ የሚገቡት ሁለት የመዳብ ሮንዴላዎች፣ ማለትም መሃላቸው ክፍት የሆኑ ስስ ቀለበቶች ናቸው። ስለዚህ ቴፍሎን መጠቅለል አይረዳም። ተራ ሲሊኮን ደግሞ ቤንዚን ያበላሸዋል። መዳብ ለስላሳ ስለሆነ ቡሎኑ ሲጠብቅ ተጨፍልቆ ክፍተቱን ይሞላል። አንዴ ከተጨፈለቀ ግን ይደድራል፤ እንደገና ቢገጥሙት አያስተማምንም።

የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወረድኩ። አንዱ ሻጭ የላስቲክ፣ ሌላው የብረት አቀረበልኝ። አንድ አባት ግን መጀመሪያ "እስቲ አሮጌውን አምጣው ልጄ" አሉኝ። በጥፍራቸው ዳር ዳሩን ዳሰሱና ጭረቱን አሳዩኝ። ውስጡን በካሊፐር ለኩ፤ 12 ሚሊ ሜትር። ከዚያ ከጣሳ ውስጥ ሁለት አዲስ መርጠው ሰጡኝ። እንዲህ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እድሜ ይስጠው!

ገጠምኩት፤ ሞተሩን አስነስቼ ዙሪያውን በደረቅ ጨርቅ ጠረግኩ። ምንም የለም። መኪናችሁ ቤንዚን ቤንዚን የምትል ከሆነ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ አሳዩዋት።