የቤት ካሜራ ምስል በተመሰጠረ መስመር ሲንቀራፈፍ ጥፋቱ የት እንደሚገኝ

የቤት ደኅንነት ካሜራ ሶፍትዌር በግቢው ዋይፋይ ሲከፈት ያለ እንከን እየሠራ፣ ከውጭ በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረ የድረ ገጽ) አድራሻ ሲከፈት ግን ምስሉ መንቀራፈፉ ብዙ ሰው የሚያማርርበት ችግር ነው። በእኛም ቤት የታየው ይኸው ነበር። አዲስ አበባ በሚገኘው የወላጆቼ ግቢ ስምንት ካሜራዎች አሉ። ምስሉን የሚቀዳውና የሚያሠራጨው ሳሎን የተቀመጠ አንድ አነስተኛ ኮምፒውተር ሲሆን፣ ከፊቱ ኤንጂንኤክስ የተባለው ጥያቄዎችን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ሰርቨር ሆኖ ግንኙነቱን ሌትስ ኢንክሪፕት ከተባለው ሰርተፊኬት ሰጪ በተገኘ ሰርተፊኬት ይመሰጥራል። ቨርጂኒያ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ስትከፍተው የመግቢያ ገጹ ይመጣላታል፤ ምስሉ ግን በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል ብቻ እየዘለለ ይታያታል። በር ላይ ያየችው ሰው ቀጥሎ ሲታያት ደረጃው ጋ ደርሷል።

ለእንዲህ ያለ ችግር በብዛት የሚሰጠው ምክር ምስጠራውን አጥፍቶ በተራው ኤችቲቲፒ መክፈት ነው። ይህን ምክር አጥብቄ እቃወማለሁ። ባልተመሰጠረ ግንኙነት የሚላክ የይለፍ ቃልም ሆነ ምስል፣ ከካፌ ዋይፋይ ጀምሮ በመንገዱ ላይ ያለ ማንኛውም መሣሪያ ሊያነበው ይችላል፤ የሚነበበው ደግሞ እናትና አባት የሚወጡበትና የሚገቡበት፣ ቤቱም ባዶ የሚሆንበት ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ከፋብሪካ የመጣ የይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን እያሰሰ ከያዘ በኋላ፣ በኦክቶበር ወር ዳይን በተባለው የዶሜይን ስም አገልግሎት ሰጪ ላይ ዘምቶ ትዊተርን የመሳሰሉ ትልልቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት እንዲስተጓጎሉ አድርጓል። ሚራይን ያመጣው የምስጠራ ጉድለት አልነበረም፤ ነገር ግን ለኢንተርኔት ክፍት የተተወ ካሜራ ፈላጊ እንደማያጣ ያን ጊዜ በግልጽ ታይቷል። ስለዚህ ፍለጋዬ ምስጠራው ባለበት ሆኖ ምስሉ የሚፈጥንበትን መንገድ ማግኘት ነበር።

የጀመርሁት ምስጠራውን ራሱን በመፈተን ነው። ለዚህ ከቤት መውጣት አያስፈልግም፤ አንዱን ካሜራ በዚያው በግቢው ኔትወርክ መጀመሪያ በኤችቲቲፒ፣ ከዚያም በኤችቲቲፒኤስ ከፍቶ ማስተያየት ይበቃል። በእኛ ቤት ልዩነት አልነበረም፤ በስሌትም ቢሆን ሊኖር አይገባም። አንድ ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት ቢልክ ግማሽ ሜጋ ባይት ማለት ነው፤ ስምንቱ አንድ ላይ 4 ሜጋ ባይት ይሆናሉ። ኢንቴል ከ2010 ጀምሮ ኤኢኤስ የተባለውን የምስጠራ ስልት በቀጥታ የሚያከናውኑ ትእዛዞችን በፕሮሰሰሮቹ ውስጥ ስላካተተ፣ እነዚህ ትእዛዞች ያሉት ፕሮሰሰር በአንድ ኮር ብቻ በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋ ባይት ይመሰጥራል። ራስበሪ ፓይ 4 የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ይህ ድጋፍ የለውም፤ ሆኖም እሱም በሰከንድ በአሥሮች የሚቆጠር ሜጋ ባይት ስለሚችል ለቤት ካሜራ አያንስም፤ ሰርቨሩ ቻቻ20 የተባለውን ስልት እንዲያስቀድም ከተደረገ ደግሞ ሸክሙ ይቀልለታል። የኮምፒውተሩን አቅም በቁጥር ማየት ለሚፈልግ ሰው ኦፕንኤስኤስኤል የተባለው የምስጠራ ፕሮግራም «ስፒድ» የሚባል የራሱ መለኪያ አለው። ምስጠራው በእርግጥ የሚከብደው ኤችቲቲፒኤሱን የሚሠራው ያረጀ ዲቪአር (የካሜራ ምስል መቅጃ መሣሪያ) ራሱ ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን መፍትሔው ሥራውን ከዲቪአሩ ላይ አንሥቶ አጠገቡ ለሚቀመጥ ሌላ ኮምፒውተር መስጠት ነው።

ቀጥሎ ያየሁት የመስመሩን የመላኪያ ፍጥነት ነው። ስለ ኢንተርኔት ፍጥነት ስናወራ ብዙውን ጊዜ የምንጠቅሰው ማውረጃውን ሲሆን፣ ከቤት ወደ ውጭ የሚወጣ የካሜራ ምስል የሚያልፈው ግን በመላኪያው በኩል ነው። ስምንቱ ካሜራዎች በሙሉ ጥራት በአንድ ገጽ ሲከፈቱ 32 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይጠይቃሉ። አብዛኞቹ ካሜራዎች ከዋናው ስትሪም (ተከታታይ የምስል ፍሰት) ሌላ ዝቅተኛ ጥራት ያለው ሁለተኛ ስትሪም ስላላቸው፣ ይህንኑ 640 በ360 ፒክስልና 512 ኪሎ ቢት አድርጌ፣ ሁሉም ካሜራዎች የሚታዩበት ገጽ እሱን እንዲጠቀም፣ አንዱ ካሜራ ለብቻው ሲከፈት ደግሞ ዋናው እንዲመጣ አስተካከልሁ። ፍላጎቱ ወደ 4 ሜጋ ቢት ወረደ። ይህ ሁሉም ቤት ሊደረግ የሚገባው ማስተካከያ ነው። የእህቴ ምስል ግን አሁንም በሰከንድ አንድ ጊዜ ከመዝለል አላለፈም፤ መስመሩ ሰፍቶለት ያልፈጠነ ነገር የሚጠብቀው ሌላ ነገር መኖር አለበት።

የሚጠብቀው ደርሶ መልሱን፣ ማለትም መልእክት ሄዶ ምላሹ እስኪመለስ የሚወስደውን ጊዜ ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን አካባቢ በቀጥታ መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ ገመዱ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ አንድ ደርሶ መልስ ከ115 ሚሊ ሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም። ገመዱ ግን ባሕርና አህጉር እየዞረ ስለሚሄድ እህቴ ፒንግ በተባለው መለኪያ ደርሶ መልሱን ስትለካ የምታገኘው ወደ 220 ሚሊ ሰከንድ ነው። ይህን ቁጥር የትኛውም የፍጥነት ጥቅል አይቀንሰውም። በሌላ በኩል ግንኙነት በተከፈተ ቁጥር ግንኙነቱን የሚመሠርተው ቲሲፒ የተባለው ደንብ አንድ ደርሶ መልስ ይወስዳል፤ የኤችቲቲፒኤስ ምስጠራ ደንብ የሆነው ቲኤልኤስ 1.2 የምስጠራ ቁልፍ ለመስማማት ሁለት ይጨምራል፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄው ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ሌላ አንድ አለ። ድምሩ አራት ነው፤ በ220 ሲባዛ 880 ሚሊ ሰከንድ፣ አንድ ሰከንድ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ ይሆናል። በግቢው ዋይፋይ ደርሶ መልሱ 2 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን አራቱም ተደምረው 8 ብቻ ስለሚሆኑ ማንም አያስተውላቸውም።

ይህን ለማረጋገጥ እህቴ ላፕቶፗ ላይ ከርል የተባለውን የትእዛዝ ፕሮግራም እንድታስኬድ ጠየቅኋት። ከርል አንድ ጥያቄ በየትኛው ደረጃ ምን ያህል እንደቆየ ነጣጥሎ ያሳያል። ከካሜራው አንድ ፎቶ ስትጠይቅ የቲሲፒው ግንኙነት በ0.22 ሰከንድ አካባቢ ተከፈተ፤ የምስጠራው ስምምነት በ0.66 ተጠናቀቀ፤ የመጀመሪያው ባይት በ0.88 ደረሰ፤ ፎቶው በሙሉ የወረደው ከዚያ በኋላ በቅጽበት ነው። ከመልሱ ጋር የመጣው ራስጌ (ስለ መልሱ የሚገልጽ መግቢያ) ላይ ደግሞ ሰርቨሩ ግንኙነቱን እንደሚዘጋ የሚገልጽ መስመር ነበረበት። ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ ሳስቀምጣቸው ጉዳዩ ግልጽ ሆነልኝ። የምንጠቀመው ሶፍትዌር ቀጥታ ምስሉን የሚያሳየው ፎቶ በፎቶ እየጠየቀ ነው፤ ከሶፍትዌሩ ጋር ተዘጋጅቶ የመጣው የኤንጂንኤክስ ቅንብር ደግሞ ግንኙነቱ ክፍት ሆኖ የሚቆይበትን ጊዜ ዜሮ አድርጎት ስለነበር፣ እያንዳንዱ ፎቶ አራቱን ደርሶ መልስ ከመጀመሪያው እየጀመረ ይመጣ ነበር።

ምስጠራን አጥፉ የሚለው ምክር ለምን የሠራ እንደሚመስልም ከዚህ መረዳት ይቻላል። ምስጠራው ቢጠፋ ከአራቱ ሁለቱ ደርሶ መልሶች ይቀሩና በሰከንድ ሁለት ፎቶ ይመጣል፤ ተመልካቹም ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ስላየ ጥፋተኛውን ያገኘ ይመስለዋል። ምስጠራው ሳይነካ ግንኙነቱ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ቢደረግ ግን ለእያንዳንዱ ፎቶ የሚያስፈልገው አንድ ደርሶ መልስ ብቻ ስለሆነ በሰከንድ ከአራት በላይ ይመጣል። እኔም ያንን የዜሮ ቅንብር ወደ ኤንጂንኤክስ የራሱ ነባሪ 75 ሰከንድ መለስሁት፤ ሰርቨሩ ቲኤልኤስ 1.3ንም እንዲቀበል አደረግሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የጸደቀው ይህ ሥሪት የቁልፍ ስምምነቱን በአንድ ደርሶ መልስ ስለሚጨርስ የመጀመሪያው ምስል የሚመጣበትም ጊዜ ያጥራል። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ከ1.19.10 በፊት የነበሩ የኤንጂንኤክስ ሥሪቶች በአንድ ግንኙነት 100 ጥያቄ ካስተናገዱ በኋላ ይዘጉታል። በሰከንድ አራት ፎቶ የሚጠይቅ ገጽ ይህን በ25 ሰከንድ ስለሚጨርስ፣ ምስሉ በየ25 ሰከንዱ ለአፍታ ቀጥ የሚልበት ሰው ምክንያቱን እዚህ ሊያገኘው ይችላል። ከዚያ ወዲህ ያሉት ሥሪቶች ጣሪያውን ወደ 1000 ከፍ አድርገውታል።

ስምንቱን ካሜራዎች በአንድ ገጽ ማየት ሌላ እንቅፋት አለው። ብሮውዘሮች በኤችቲቲፒ 1.1 ለአንድ አድራሻ ከስድስት በላይ ግንኙነት አይከፍቱም፤ ስለዚህ ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ካሜራ የማያቋርጥ ስትሪም የሚከፍት ከሆነ ስድስቱ ይታያሉ፣ ሁለቱ ጥቁር ሆነው ይቀራሉ፣ ገጹ ላይ የሚጫነው ቁልፍ ሁሉ ሳይቀር ተራ ሲጠብቅ ይውላል። ኤችቲቲፒ 2 ሁሉንም በአንድ ግንኙነት ውስጥ አብሮ ስለሚያስኬድ ይህን ገደብ ያነሣዋል፤ ብሮውዘሮች ደግሞ ኤችቲቲፒ 2ን የሚጠቀሙት ግንኙነቱ የተመሰጠረ ሲሆን ብቻ ነው። ምስጠራውን ያጠፋ ሰው ይህንን መፍትሔም አብሮ አጥፍቷል ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ሁሉም በአንድ ቲሲፒ ላይ ሲጫን አንድ ፓኬት (ዳታ ተከፋፍሎ የሚላክበት ቁራጭ) በጠፋ ቁጥር ስምንቱም ለአፍታ ይቆማሉ፤ በጣም በሚቆራረጥ የሞባይል ዳታ ላይ ይህ ይታያል።

የተሻለው ግን ፎቶ በፎቶ መጠየቁን ትቶ ቪዲዮውን ራሱን ባልተቋረጠ ስትሪም መላክ ነው፤ የእኛም ሶፍትዌር በዌብሶኬት (ክፍት ሆኖ በሚቆይ የብሮውዘር ግንኙነት) በኩል ኤች264 በተባለው ስልት የተጨመቀ ቪዲዮ የሚልክበት አማራጭ ነበረው። ወደዚያ ስንዞር እህቴ ካሜራው የሚቀዳውን 15 ፍሬም በሰከንድ እንዳለ ማየት ጀመረች። ይህን መንገድ የሚይዝ ሰው ሁለት ነገሮችን ይመልከት። ኤንጂንኤክስ የሚያስተላልፈውን መልስ በራሱ ቋት እያጠራቀመ የመላክ ልማድ ስላለው፣ በተራ የኤችቲቲፒ መልስ ለሚመጣ ቀጥታ ስትሪም ይህ ቢጠፋ ይሻላል። ሁለተኛው የቁልፍ ፍሬም፣ ማለትም ሌሎቹን ሳይጠብቅ ብቻውን ሊታይ የሚችል ሙሉ ምስል፣ የሚደጋገምበት ርቀት ነው። ካሜራው በሰከንድ 15 ፍሬም እየቀዳ የቁልፍ ፍሬሙ በየ60 ከሆነ፣ ገጹን የከፈተ ሰው የመጀመሪያውን ምስል እስከ 4 ሰከንድ ድረስ ሊጠብቅ ይችላል፤ 15 ቢደረግ ጥበቃው ከአንድ ሰከንድ አያልፍም።

የተቀዳ ምስል መልሶ ማየት ደግሞ የራሱ ባሕርይ አለው። ኤምፒ4 ፋይል የፍሬሞቹን ማውጫ ብዙ ጊዜ በፋይሉ መጨረሻ ስለሚያስቀምጥ፣ ብሮውዘሩ ማጫወት ከመጀመሩ በፊት ወደ መጨረሻው ሄዶ ማውጫውን ማንበብ አለበት፤ ይህም ተጨማሪ ደርሶ መልስ ነው። በመሐል ያለው ሰርቨር የፋይልን ቁራጭ ብቻ የሚጠይቀውን ጥሪ የማያስተላልፍ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ፋይሉ በሙሉ ሳይወርድ ምስሉ አይጀምርም። ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው የቪዲዮ ፕሮግራም «ፋስትስታርት» በሚባል አማራጩ ማውጫውን ወደ ፊት ያመጣዋል፤ ምስሉ እንዳለ እንዲገለበጥ ከታዘዘም እንደገና አይጨምቀውም።

በኤችቲቲፒኤስ ፈንታ ቪፒኤን (ወደ ቤቱ ኔትወርክ የሚያስገባ የተመሰጠረ መስመር) ለሚጠቀሙ ሰዎች፣ ኦፕንቪፒኤን የተባለው ፕሮግራም በቲሲፒ ሲሠራ በቲሲፒ ውስጥ ሌላ ቲሲፒ ስለሚያስኬድ፣ ፓኬት ሲጠፋ ሁለቱም ደግመው ለመላክ ይሞክሩና መስመሩ ይታነቃል፤ የጠፋን ፓኬት እንደገና በማይልከው በዩዲፒ የሚሠራው ዋየርጋርድ የተባለው ሌላ ቪፒኤን ከዚህ ነጻ ነው። መግቢያ ገጹ እየተከፈተ ቪዲዮው ጭራሽ እንቢ ካለ ግን የፓኬት መጠንን መፈተሽ ያስፈልጋል። የዋየርጋርድ ነባሪ መጠን 1420 ባይት ሲሆን በአንዳንድ የሞባይል መስመሮች ላይ ዝቅ ማድረግ ይገባል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ችግሩ የሚቀር ከሆነ ሰርቨሩን መነካካት አያስፈልግም። የእህቴ ባል ላፕቶፕ ላይ የሆነው ይህ ነበር፤ በእሷ ላይ ያለ ችግር የሚሄደው ምስል በእሱ ይቆራረጥ ነበር። ብሮውዘሩ ላይ ከአድራሻው ጎን ያለውን ምልክት ተጭኖ ሰርተፊኬቱን ማን እንደሰጠው ሲያይ፣ ሌትስ ኢንክሪፕት መሆን ሲገባው የጸረ ቫይረሱ ስም ተጽፎበት ነበር። ጸረ ቫይረሱ የተመሰጠረውን ግንኙነት መሐል ገብቶ እየፈታ፣ እየመረመረ፣ እንደገና እየመሰጠረ ነበር የሚያሳልፈው። የቤታችንን አድራሻ ብቻ ከምርመራው ውጭ እንዲያደርግ የሚፈቅደው ቅንብር እዚያው ጸረ ቫይረሱ ውስጥ ተገኘ፤ አድራሻው ሲጨመርለት ምስሉ ወዲያውኑ ተስተካከለ።